ኦቦ ድሪባን በአንድ ጠዋት ያስረጀው ኤክሴል

እኔን ከክፉ ሰው ይልቅ የሚያስቸግረኝ ሳይለምኑት የሚረዳ ሰው ነው። ክፉውን ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ መንገድ ትቀይራላችሁ፣ ቤታችሁ ድረስ ከመጣም «የለም በሉት» ትላላችሁ። ሳይለምኑት የሚረዳውን ግን ምን ታደርጉታላችሁ? አምቦ መናኸሪያ ቆማችሁ ግራ ቀኝ ስታዩ፣ ወዴት እንደምትሄዱ እንኳ ሳትናገሩ፣ ሻንጣችሁን ከእጃችሁ ቀምቶ የጉደር ሚኒባስ አናት ላይ የሚጭን ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እናንተ የምትሄዱት አዲስ ዓለም ነው። በተቃራኒው! ጮኻችሁ ሻንጣውን ስታስወርዱ ደግሞ የሚቀየመው እሱ ነው፤ «ለእናንተው ብዬ እኮ ነው» ይላል ፊቱን አጥቁሮ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ይቅርታ ጠይቃችሁት ትሄዳላችሁ።

ኤክሴል የሚባለው የኮምፒውተር ሠንጠረዥም የዚሁ ሰውዬ ወንድም ነው። ኮምፒውተር የማትነኩ አንባቢዎቼ እንዳትሸሹ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የሰጣችሁትን ስምና ቁጥር በመስመርና በዓምድ ይዞ ያስቀምጥላችኋል፣ ይደምራል፣ በተራ ይደረድራል። ችግሩ፣ የሰጣችሁትን እንደ ሰጣችሁት አያስቀምጥም። በዜሮ የሚጀምር ስልክ ቁጥር ስትሰጡት፣ ፊት የቆመችው ዜሮ ሥራ ፈት መስላው ያባርራታል። «የፋይል ቁጥር 3/5» ብላችሁ ስትጽፉ «ማርች አምስት ማለትዎ ነው» ብሎ ቀን ያደርገዋል። አንድ ጊዜ የሠራተኞቻችንን ስልክ ከነአገር ቁጥሩ ባስገባው፣ ሁሉንም አሳጥሮ 2.52E+11 አደረገልኝ፤ ከኃላፊው እስከ ጥበቃው ሰማንያ ምናምን ሰው አንድ ስልክ ያለው ሆነ። እንዲህ ያለ እኩልነት በስብሰባ ሲነገር ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ አምቦ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ዳታ» ነው የሚለኝ። «ዳታ፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ?» እየተባልኩ ገብቼ፣ «ዳታ፣ ደህና እደር» ተብዬ እወጣለሁ። ስሙን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ደስ ይለኛል። ያን ሰሞን ግን «ዳታ» ሲሉኝ ጠረጴዛ ሥር መግባት ነበር የሚያምረኝ።

ነገሩ የደረሰው በኦቦ ድሪባ ላይ ነው። ኦቦ ድሪባ፣ በአማርኛው አቶ ድሪባ፣ የንብረት ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ያለቀውን እስክሪብቶ ካላስረከባችሁ አዲስ እስክሪብቶ አይሰጧችሁም፤ ያስረከባችሁትንም ክዳን የለውም ብለው ይመልሱታል። ሰው ይፈራቸዋል፣ ግን ይወዳቸዋል። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ልጆቻቸው አግብተው በየአገሩ ሄደዋል። ታዲያ ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ለውጥ አየንባቸው፤ ጫማቸው በየቀኑ ይብረቀረቃል፣ በየቅዳሜው «ዘመድ ልጠይቅ» እያሉ እጃጂ ከተማ ይሄዳሉ። «ዘመድ» ያሏቸው አዴ ወርቄ፣ ማለትም ወይዘሮ ወርቄ፣ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበሽተኛ ካርድ ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሁለቱ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ነው የተዋወቁት። ሽማግሌ ተላከ፣ ነገሩ ሰመረ፣ ሠርጉም ለሐምሌ መጀመሪያ ተቆረጠ።

የአዴ ወርቄ ታላቅ ወንድም ኦቦ ገመቹ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸው ዝግ ያለ፣ ያሉትን የማይመልሱ ሰው። ለሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። «ሀብት አልጠይቅም፣ ውሸት ግን ቤቴ አይግባ» አሉ። ከዚያ ዕድሜ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹም የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አውጥተው አሳዩ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት። ጥሩ ተባለ። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ደንብ ደግሞ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የሙሽሮቹ ስም ሦስት እሁድ በጉባኤው ፊት ይነበባል፤ ተቃውሞ ያለው ይነሣል፣ ከተነሣ ጋብቻው ይቆማል። ሁለቱ እሁድ በሰላም አለፈ። እንግዲህ በሁለተኛውና በሦስተኛው እሁድ መካከል ነው እኔ የገባሁት።

ከበላይ መሥሪያ ቤት «የሠራተኞች የልደት ቀን በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተስተካክሎ ይላክ» የሚል ደብዳቤ መጣ። አብዛኛው ሰው የተመዘገበው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ከየዩኒቨርሲቲው ተመርቀው የመጡት ወጣቶች ግን በፈረንጁ ነው የጻፉት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ አለኝ፤ አማከርኩት። እሱም ቀመር ሠራልኝ፤ ኤክሴል «ቀን» ብሎ ያወቀውን ሁሉ ከፈረንጅ ወደ እኛ ይመልሳል፣ «ጽሑፍ» ያለውን አይነካም። የእኛው አቆጣጠር ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል ብዬ፣ ግሩም ነው አልኩ። ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩን ከድሮው መዝገብ አውጥቼ፣ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጌ ከፈትኩ፣ ቀመሩን ለቀቅኩበት፣ ለሰው ኃይል ክፍል ላክሁ፣ ፉል ልበላ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ለመልቀምም አልተመለስኩም፤ ፉሉን አጣጥሜ ነው የበላሁት።

አሁን የተፈጠረውን ልንገራችሁ። እኛ ቀን ስንጽፍ ቀኑን እናስቀድማለን፣ ወሩን እናስከትላለን። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኤክሴል ግን በአሜሪካ ልማድ የተስተካከለ ስለሆነ ወሩን ነው የሚያስቀድመው። እኔም ይህን ማስተካከል ሲገባኝ አላስተካከልኩም። የኦቦ ድሪባ ልደት በመዝገቡ 5/13/1957 ይላል፤ ጳጉሜን አምስት መሆኑ ነው። ኤክሴል ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን ማን ነግሮት! አምስተኛው ወር፣ አሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ሜይ አሥራ ሦስት ብሎ አነበበው። የወዳጄ ቀመር ደግሞ ተቀብሎ ከፈረንጅ ወደ እኛ መለሰው፤ ግንቦት 5 ቀን 1949 ሆነ። ሰውየው ስምንት ዓመት ከምናምን አረጁ።

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ። ከወሩ በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቀናት የተወለደ ሠራተኛ ሁሉ ስምንት ስምንት ዓመት ተጨመረበት። በአሥራ ዘጠኝ ወይም በሃያ ሦስት የተወለደው ግን ዳነ፤ አሥራ ዘጠነኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል ግራ ገብቶት «ጽሑፍ ነው» ብሎ ተወው። በአንድ ቢሮ ውስጥ የወር መባቻ ልጆች አርጅተው፣ የወር መጨረሻ ልጆች በወጣትነታቸው ቀሩ። እኔ ፉል እየበላሁ ነበር።

ሰው ኃይል ክፍል የመጣለትን በዕድሜ ደረደረና ከስልሳ በላይ የሆኑትን ለየ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊያችንም ፈረመ፤ ኮምፒውተር ያወጣው ነገር ነዋ! ሰው ቢጽፈው ሦስት ጊዜ ይጠየቅበት ነበር። ከሰዓት በኋላ በግቢው በር አጠገብ፣ መንገድ ዳር ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የጡረታ ጊዜያቸው ያለፈ ሠራተኞች» የሚል ወረቀት ከነዕድሜያቸው ተለጠፈ። ሦስት ሰው ነበር። አንዱ ሹፌራችን ነው፤ እሱ ደስ ብሎት ኮፒ ይሰጠኝ አለ። ሁለተኛዋ ጸሐፊያችን ወይዘሮ አስናቀች ናቸው፤ እሳቸው ስለ ጡረታው አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ስልሳ የሚለው ቁጥር በአደባባይ መታየቱ ነው ያንገበገባቸው። ነጭ ወረቀት ቆርጠው በሙጫ ዕድሜያቸው ላይ ለጠፉበት። የሌሎቹን እንዳለ ተዉት። ከላይ፣ በትልቁ፣ «ኦቦ ድሪባ፣ 67 ዓመት» የሚለው ለአላፊ አግዳሚው ቀረ።

ኦቦ ድሪባ መጥተው አነበቡ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኹም። ወደ መጋዘናቸው ገብተው ተቀመጡ። ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ፣ ጉዳዬ ምን እንደሆነ ሳይሰሙ፣ አሮጌውን ሳይጠይቁ፣ አዲስ እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ሰውየው ጤነኛ አልነበሩም።

ሰሌዳው መንገድ ዳር ነው ብያችኋለሁ። ማክሰኞ ኦቦ ገመቹ ቆርቆሮ ሊገዙ አምቦ መጡና፣ በዚያው የወደፊት አማቻቸውን የሥራ ቦታ ልይ ብለው ጎራ አሉ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? በሩ ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን አውጥተው፣ አነበቡ። ግቢ አልገቡም፣ ሰላምታም አልሰጡም። ቆርቆሯቸውን አስጭነው እጃጂ ከተመለሱ በኋላ ነው የደወሉት። እስከ እሁድ ማስረጃ ካልመጣ፣ ስማቸው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ እኔ ራሴ ተነሥቼ እቃወማለሁ አሉ። ኦቦ ድሪባ ረቡዕ ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ይህን ነገሩኝ።

«ዳታ፣ ማሎ፣ እባክህ ልጄ» አሉኝ፣ «ቤቴ እኮ ባዶ ነው። ማታ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምበላው። ይህን ነገር በምንም ብለህ አስተካክልልኝ።»

ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ። ሰው ስገድል የተያዝኩ መሰለኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ፉል እስከ ዛሬ ሳይ ደስ አይለኝም።

ማስተካከሉ ራሱ ግን ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ዋናው ነገር ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ አለመክፈት ነው፤ እንዲያ ስትከፍቱት ኤክሴል ሳይጠይቃችሁ ሁሉን እንደ ፈቃዱ ያደርገዋል። ባዶ ሠንጠረዥ ከፍታችሁ፣ ከላይ ከተደረደሩት ምርጫዎች «ዳታ» በሚለው በር በኩል ፋይሉን ታስገባላችሁ። ያን ጊዜ ስለ እያንዳንዱ ዓምድ ይጠይቃችኋል። ልደት? ጽሑፍ ነው። ስልክ? ጽሑፍ ነው። የፋይል ቁጥር? ጽሑፍ ነው፣ አትንካው! በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ከፊቱ አንዲት ጭረት፣ አፖስትሮፍ የምትባለውን፣ ታደርጉበታላችሁ። ያቺ ጭረት ለኤክሴል «አንተ ዝም በል» ማለት ናት። ደግሞም የመጀመሪያውን ፋይል አትነካኩት፣ ሁልጊዜ በቅጂው ሥሩ። ይህን ሁሉ የማውቀው ከዚያ ረቡዕ በኋላ ነው፤ በፊት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ሁሉም ዕድሜው ተመለሰለት። ሹፌሩ ብቻ አዘነ። እኔም ለማረጋገጥ የኦቦ ድሪባን የግል ማህደር አስወጣሁ፤ ጠርዙ የተበላ ቡናማ ካርቶን ነው፣ ውስጡ የቅጥር ቅጽ አለ። በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ «ጳጉሜን 5 ቀን 1957» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ወይዘሮ አስናቀች የማረጋገጫ ደብዳቤውን በደስታ ተየቡት፤ «በኮምፒውተር ስህተት ምክንያት የተላለፈው ማስታወቂያ የተሰረዘ መሆኑን፣ የኦቦ ድሪባ ትክክለኛ የልደት ቀንም ጳጉሜን 5 ቀን 1957 መሆኑን እናረጋግጣለን።» ኃላፊያችን «ኮምፒውተርም ይሳሳታል?» ብሎ በሐዘን ፈረመ። ማኅተሙን እኔ ራሴ ነኝ የመታሁት፣ ደግሜ ደጋግሜ ትንፋሼን እፍ እያልኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት ከኦቦ ድሪባ ጋር እጃጂ ለመሄድ ሚኒባስ ያዝን። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከደብዳቤው ጋር እኔም በአካል ቀርቤ ላስረዳ ብያለሁ። ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ደብዳቤው በኪሴ ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ ጉደርን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ እርሻው ሁሉ አረንጓዴ ነው። እዘፍን ነበር ማለት ይቻላል። ኦቦ ድሪባ ግን ከጉደር ጀምሮ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ። ጌዶ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፈነውና ሾፌሩ ቀስ አለ። ያን ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ዳታ፣ ለዚያ ማሽንህ ማን ነገረው?»

«ምኑን?» አልኩ።

«ስልሳ ሰባት መሆኔን።»

ጉሙ ውስጥ ያለሁ እኔ ሆንኩ። እሳቸው ጭራሽ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲጠረጥሩ ነው የከረሙት፤ በተወለዱበት በሸነን አብሯቸው የተማረ አንድ ሰው አለ፣ አምቦ ፍርድ ቤት ይሠራል፣ እሱ ነው ያሳበቀብኝ ብለው ሰላምታ ነሥተውታል። ምስኪን! እኔ ደግሞ ሜይንና ግንቦትን፣ ጳጉሜንንና አሜሪካን እያልኩ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አጋጣሚ ነው ልትለኝ ነው?» አሉ። አጋጣሚ ነው። ማሽን ተሳስቶ ተሳስቶ እውነቱ ላይ ወደቀ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ እሳቸውን ሲቀጥር «ዕድሜው ከሠላሳ ያልበለጠ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ እሳቸው ሠላሳ አምስት ሊሆኑ ነው። መዝጋቢው ደግ ሰው ነበር፤ «ስምንት ዓመት ቀንስ፣ ከቀነስክ አይቀር በደንብ ቀንስ» አላቸው። ቀኑንስ? አሉ። ደጉ ሰው አሰበና ጳጉሜን አምስት ጻፈላቸው፤ የዓመቱ የመጨረሻዋ ቀን ናት፣ ጡረታ ስትወጣ ከዓመቱ አንዲት ቀን እንኳ አትጎድልብህም አላቸው። ያን የሚያምር ጽሕፈት አስታወስኩት። እውነተኛ ልደታቸውን እሳቸውም አያውቁትም፤ ዘመኑን ነው የሚያውቁት። እንግዲህ እኔ በኪሴ የያዝኩት ባለ ማኅተም ደብዳቤ ውሸቱን ነው፤ ያስቀደድኩት ማስታወቂያ ደግሞ እውነቱን ነበር።

«ልንመለስ?» አልኳቸው። «የት?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ከጌዶ ወዴት ይመለሳል?

ኦቦ ገመቹ በር ላይ ተቀበሉን። «አካም ጅርቱ፣ ግቡ፣ ግቡ» አሉ፤ ትሕትናቸው ይበልጥ ያስፈራል። ጭኮ ቀረበ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ፣ ቅቤው የሚያብረቀርቅ፤ እኔ ግን አልነካሁትም። አዴ ወርቄ በነጭ ሻሽ፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ከወንድማቸው ጎን ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ሰጠሁ። ምን ላድርግ? የኦቦ ድሪባን ፊት አየሁ፣ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ እጄ ራሱ ሰጠ። ኦቦ ገመቹ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። «ጋሪዳ» አሉ፣ «ጥሩ ነው። ሃምሳ ስምንት። ነገ ይነበባል።»

«እኔ ግን አልተስማማሁም» አሉ አዴ ወርቄ።



«ሃምሳ ስምንት?» አሉ ሴትየዋ። «እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሕፃን ልጅ አግብታ ታሳድጋለች ልባል ነው? ሽማግሌ ከመጣ ጊዜ ጀምሮ ይህ ነገር ሲከነክነኝ ነው የኖረው። ማክሰኞ ወንድሜ እየተቆጣ ስልሳ ሰባት ነው ብሎ ሲገባ፣ እሱን እሺ እሺ እያልኩ በልቤ ተመስገን ነው ያልኩት።» ከዚያ ወደ ኦቦ ድሪባ ዞሩ። «ደግሞ በ1967ቱ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከፋ ዘምቼ ነበር ብለህ አውርተኸኝ የለም? ገና አሥር ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማን ነው የሚያዘምተው? እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት የሰው ዕድሜ የጻፍኩ ሴት ነኝ። አሁን በወንድሜ ፊት ንገረኝ፤ የትኛው ነው?»

ዘመቻውንማ እኛም ሰምተናል። ስንት ዓመት ሙሉ መጋዘኑ በር ላይ ቆመን ሰማን፣ ሳቅን፣ አንዳችን እንኳ ጣታችንን አጥፈን አልቆጠርንም። የመረጃ ባለሙያው እኔ ነኝ ደግሞ!

ኦቦ ድሪባ ቀና አሉ። «ዱጋዳ፣ ስልሳ ሰባቱ ነው እውነቱ» አሉ። «እንጀራ ፍለጋ ቀነስኩት። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። አንቺን ግን ላታልልሽ አልፈለግሁም፣ ወርቄ፤ ፈራሁ እንጂ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው።

ኦቦ ገመቹ ደብዳቤውን እንደገና ገለጡት። የሚሉት አንድ ቃል ነው፣ እሱም ሠርጉን ያቆመዋል ወይም አያቆመውም። እህታቸው ናቸው ቀድመው የተናገሩት። በዚያ ካርድ ክፍል ውስጥ በሠላሳ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ዕድሜውን በመጀመሪያው ጥያቄ በትክክል ነግሯቸው አያውቅም አሉ፤ ትኩሳት ሲይዘው ነው እውነቱን የሚናገረው። «ይሄ ግን ሳያተኩሰው ተናገረ» አሉ። ኦቦ ገመቹ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፣ ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከዚያ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። «ውሸት ቤቴ አይግባ ነው ያልኩት፤ ይኸው በር ላይ አወለቀው» አሉና ደብዳቤውን አጣጥፈው መለሱልኝ። «ይህን ለቢሮአችሁ መልስ። እኛ ቤት አያስፈልግም።» እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጭኮውን ያን ጊዜ ነው የበላሁት፣ ሁለት ሳህን።

እሁድ ስማቸው ተነበበ፣ የተነሣ የለም። በሐምሌ ተጋቡ፤ ዝናቡ ድንኳኑን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው ነበር፣ ኦቦ ድሪባ ግን በዚያ ጭቃ ሲጨፍሩ ላየ ሃምሳ ስምንትም ይበዛባቸዋል ይል ነበር። ቢሮ ውስጥ ጳጉሜን አምስታቸው እንደነበረች አለች፤ ዓምዱን ጽሑፍ አድርጌዋለሁ፣ የሚነካው የለም። ሥራዬ የመጣውን እንደመጣ መጠበቅ ነው፤ ከመምጣቱ በፊት ምን ሆኖ እንደመጣ ማን ጠየቀኝ?

የገረመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዲያው ለመሆኑ፣ ያን ቀን ማሽኑ ለእኔ ስንት ብሎ ነበር?» ይላሉ። ቁጥሩን ስነግራቸው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይሄዳል። አንዱማ «አንድ ዓመት ብቻ ነው የሳተው» አለኝ። ወይዘሮ አስናቀች እንኳ መጡ። ያልመጣው ኃላፊያችን ብቻ ነው፤ እሱ ኮስታራ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይመለከተውም ብዬ ነበር።

ባለፈው ግንቦት አምስት ኦቦ ድሪባ እጃጂ ጠሩን። እውነተኛ ልደታቸውን ስለማያውቁት ማሽኑ የሰጣቸውን ቀን ልደቴ ነው ብለው ወስደውታል፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው የልደት በዓል ነው። ቤቱ ሞልቷል። ኦቦ ገመቹ ጸለዩ፣ ኬክ መጣ፤ ላዩ ላይ ሁለት የቁጥር ሻማ ይበራል፣ ስድስትና ስምንት። ስልሳ ስምንት። በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ ማን ገባ መሰላችሁ? ኃላፊያችን። ለካ አዴ ወርቄ እሱንም ጠርተዋል። በፋይላችን ኦቦ ድሪባ ሃምሳ ዘጠኝ ናቸው፣ ሻማው ደግሞ ከበር ይታያል፣ ለማጥፋትም ጊዜ የለም። ኃላፊያችን ወንበር ተሰጠውና ተቀመጠ፣ ሻማውን አየ፣ እንደገና አየ።

«ኦቦ ድሪባ፣ እንኳን አደረሰዎ» አለ። «ለመሆኑ ስንት ሞላዎት?»

 አዴ ወርቄ ቢላዋውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩት፤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የቆመ በሽተኛ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት።

«ለቢሮው ነው ለቤቱ?» አሉ።

  ኃላፊያችን ኬኩን ተቀበለ፣ አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ ግራና ቀኙን አየ፣ ከዚያ ወንበሩን እየጎተተ ወደ እኔ መጥቶ በጆሮዬ፦

«ዳታ፣ እንዲያው ለመሆኑ… የእኔን ስንት ብሎት ነበር?»